እብዱ ካስታኛ

የነዳጅ ዋጋ በወደቀ በዓመቱ፣ ሰመሩ ሊያልቅ ሲል፣ አስመላሽ ሌይኦፍ ተደረገ፤ ከሥራ ተቀነሰ ማለት ነው። ለነዳጅ ጉድጓድ የሚሆን ቫልቭ በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ማሽኒስት ነበር። በዚያ ቀን አብረውት የወጡት ብዙ ስለነበሩ፣ የመሣሪያ ሳጥናቸውን እየጎተቱ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ላያቸው ሰው ወርክሾፑ ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር የሚዛወር ይመስል ነበር። ካልጋሪ ያን ጊዜ እንዲህ ነበረች። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ጤና ሳይሆን "አንተስ አለህ?" እየተባባለ ነበር፤ ሥራ ላይ አለህ ወይ ማለት ነው።

አስመላሽ አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። ባለቤቱ ጽገረዳ ወላጆቿ ኤርትራውያን ቢሆኑም ተክለሃይማኖት ሰፈር ስላደገች የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ እሱ ቤት ከዋለ ወዲህ የሰው ሺፍት ሁሉ እየተቀበለች ፊቷ ገርጥቶ ነበር። አንድ ልጃቸው እልልታ በመጪው ኅዳር ልታገባ ቀን ተቆርጦላት ነበር። እጮኛዋ ባርናባስ መሐል ከተማ ዳውንታውን አንድ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እሱም ከአስመላሽ ትንሽ ቀደም ብሎ ወጣ። ሁለቱ ልጆች ተመካከሩና ሠርጉን "ነገሩ እስኪስተካከል" አቆዩት። መቼ እንደሚስተካከል የሚያውቅ ግን አልነበረም።

አስመላሽ ሥራ መፍታት አያውቅበትም። በመጀመሪያው ሰሞን የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሁሉ ጠገነ፣ አጥሩን ቀለም ቀባ፣ የበሮቹን ማጠፊያ ዘይት አጠጣ። ከዚያ ያልተበላሸውን መፍታት ጀመረ። አንድ ቀን ጽገረዳ ከሥራ ስትመለስ፣ ደህና የነበረው የልብስ ማድረቂያ ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንቱ ወለል ላይ ብሎን በብሎን ተበትኖ አገኘችው።

"ምን ሆኖ ነው?" አለችው።

"ድምፅ ያሰማ ነበር።"

"እኔ አልሰማሁም።"

"ትንሽ ድምፅ ነው።"

ጽገረዳ ጃኬቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "አስመላሽዬ፣ በናትህ፣ ከነገ ጀምሮ ውጣና በእግርህ ዙር። ቤቱ በሕይወት ይቆይልኝ።"

በማግስቱ ወጣ። ከሰፈሩ ከፔንብሩክ ሜዶውስ ተነሥቶ መንገዱን ተሻገረና አቢዴል የሚባለው ሰፈር ገባ። በፊት ለፊት ከመሄድ በጓሮ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ መሄድ ወደደ፤ እዚያ ሰው "ዛሬ ሥራ የለህም?" ብሎ የሚጠይቅ አይመስለውም። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ዞረ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ከአንድ ጋራዥ ግድግዳ ተጠግቶ ያደገ ትልቅ ዛፍ ሥር ሲያልፍ አንድ ነገር ጫማው ሥር ተሰነጠቀ። ጎንበስ ሲል እሾሃም አረንጓዴ ቅርፊት ነው። ከውስጡ እንደ አዲስ ጫማ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ፍሬ ወጣ።

አስመላሽ ፍሬውን በመዳፉ ይዞ ቆመ። በሱዳን ወጥቶ ካናዳ እስኪገባ ድረስ ሮማ አንድ ብርዳማ ወቅት አሳልፏል። ባቡር ጣቢያው ጥግ ላይ ፍሬ እየጠበሰ የሚሸጥ ሽማግሌ ነበር። አስመላሽ ከእሳቱ አጠገብ እጁን ሲያሞቅ አይቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። ካስታኛ ይሉታል። ልጣጩ ሲነሣ ውስጡ እንደ ስኳር ድንች የሚጣፍጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በልቶት አያውቅም። አሁን መንገዱ ላይ በነጻ ተዘርግቶለታል። ኮፍያውን ሞላ፣ ኪሶቹን ሞላ፣ በማግስቱ ደግሞ የጨርቅ ቦርሳ ይዞ ተመለሰ።

እልልታ በዚያ እሑድ ለምሳ መጥታ ነበር። አስመላሽ ሮማ እንዳየው እያንዳንዱን ፍሬ በቢላ ሰነጠቀና በባልዲ ውኃ ውስጥ ነከረ፤ ከዚያ እፍኝ ያህል አውጥቶ ምድጃ ውስጥ ከተተ። ቀሪውን ጋራዥ ውስጥ አስቀመጠው። ብዙ የማያወራው ሰው ያን ቀን ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ባቡር ጣቢያው፣ ስለ ጋዜጣው ሲያወራ እናትና ልጅ ተያዩ። ሲበስል መጀመሪያ የቀመሰው እሱ ነው። አንዴ አላመጠ፤ ፊቱ ተጨማደደ፤ ወደ ሲንኩ ሮጠ።

"እንዴት ነው?" አለች ጽገረዳ።

"ኮሶ ነው" አለ አፉን እየተጉመጠመጠ።

እልልታ ስልኳን አውጥታ ነበር። "ዌይት፣ ዌይት፣ አባ። ይሄ እኮ ሆርስ ቸስትነት ነው የሚባለው። ላይክ፣ የሚበላው ሌላ ነው። ይሄ ፖይዝነስ ነው።"

ጽገረዳ ስለ መርዝ ምክር ወደሚሰጥበት ስልክ ደወለች። ያነሣችው ልጅ በትዕግሥት ጠየቀቻት፦ ምን ያህል በላ፣ ዋጠው ወይ፣ ያስመልሰዋል ወይ። አልዋጠም። አፉን ይጉመጥመጥ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ካመመው መልሳችሁ ደውሉ ተባሉ። አስመላሽ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሆዱን ምንም አላመመውም። ያፈረው ግን እስከ ጆሮው ነው።

"የቀረውን ድፋው" አለችው ጽገረዳ።

"ነገ እደፋዋለሁ" አለ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ፈትለወርቅ መጡ። ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ የጎንደር ሴት ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጃቸው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስለሄደ ብቻቸውን ናቸው። የመቀሳቸው ብሎን ላልቶባቸው "አስመላሽ አጥብቅልኝ" ሊሉ ነበር የመጡት። ጋራዡ ክፍት ስለነበር በዚያው ገቡ። አስመላሽ ባልዲውን ሊደፋ አንሥቶ ነበር።

"ምንድነው እሱ?"

"ምንም አይደል እትዬ። የማይበላ ነገር ለቅሜ ነው።"

"ለምን አረፋ ደፈቀ ታዲያ?"

አስመላሽ ወደ ባልዲው አየ። እውነትም ውኃው ወተት መስሎ አረፋ ይዟል። እትዬ ፈትለወርቅ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና እጃቸውን ከተቱ። ጣታቸውን አሹ፣ አሸተቱ፣ እንደገና አሹ። አረፋው እስከ አንጓቸው ወጣ።

"አንተ፣ ይሄ እኮ እንዶድ ነው" አሉ።

"እንዶድ ዛፍ ነው እንዴ?"

"ዛፉ ሌላ ይሁን፤ ሥራው እንዶድ ነው። ጋቢ የሚያነጣ ነገር ነው ይሄ። ልትደፋው ነበር?"

ወዲያው ቤታቸው ሄደው ያረጀ የአንገት ልብስ ይዘው ተመለሱ። ነጭ የነበረ፣ አሁን የሻይ ቀለም የያዘ ነው። ባልዲው ውስጥ ነክረው ሲያሹት አረፋው ጠቆረ፤ ሲያለቀልቁት ግን ጨርቁ መሐሉ ነጥቶ ዳር ዳሩ ወይን ጠጅ ቢጤ ሆነ። ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጣጩ ነው የሚያቀልመው። ቡናማው መላጥ አለበት። ነጩ ብቻ ይወቀጥ፣ በለብታ ውኃ ይደር፣ ከዚያ በጨርቅ ይጠለል። ትችላለህ?"

አስመላሽ የሥራ ጠረጴዛውን አየ። ብረት የሚያስርበት ሞርሳ አለ፣ መዶሻው አለ፣ ስለታም ቢላ አለ። "እችላለሁ" አለ።

ያን ቀን ሙሉ ላጠ። ፍሬውን በሞርሳው ቀስ አድርጎ ያጣብቀዋል፤ ቅርፊቱ ጠቅ ብሎ ይሰነጠቃል፤ በቢላ ይገፈዋል። ቶሎ ለመደው። ሬዲዮ ከፈተ። ጽገረዳ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ አፍንጫው ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተለጥፏል፤ እያፏጨ ነው። ሻይ አፍልታ አመጣችለት።

የተወቀጠው ሲያድር አንድ ነጠላ አጠቡበት። ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ጥለቱ አልደበዘዘም፤ ሲደርቅም እንደ አዲስ ለሰለሰ። እትዬ ፈትለወርቅ ነጠላውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው "ስንት ዓመት ማሽን ጋቢዬን ያደርቅብኛል ብዬ ሳጥን ውስጥ ዘጋሁበት!" አሉ። ስድስት ጋቢና አንድ ቡሉኮ እንዳላቸው ተናገሩ። ጽገረዳም የእናቷን ጋቢዎች አስታወሰች። ፍሬው ግን ለዚህ ሁሉ አይበቃም። አስመላሽ ወደ ዛፉ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም የጓሮው በር ተከፈተ። ጥቁር ሹራብ የለበሱ፣ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ነጭ ሴት ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል።

"ካንተ ጋር ስንት ቀን ተያየን" አሉት በእንግሊዝኛ። "እኔ አንተን አየሁ፣ አንተ እኔን አላየህም። ምን ታደርግበታለህ?"

አነጋገራቸው ላይ የሚያውቀው ዜማ ሰማ። አስመራ በልጅነቱ መካኒክ ያስተማረው ጣሊያን እንዲህ ነበር የሚናገረው። "ሲኞራ፣ ይቅርታ፣ ካስታኛ መስሎኝ ነበር" አላቸው በጣሊያንኛ፤ ቃላቱ ዝገው ስለነበር እየተንገጫገጩ ወጡ።

ሴትዮዋ ዓይናቸው በራ። "በላኸው?"

"ቀመስኩት።"

በምርኩዛቸው ተደግፈው ሳቁ። ስማቸው ፒያ ነው። ዛፉን የተከሉት ባለቤታቸው ነበሩ፤ ካልጋሪ ውስጥ ይሄ አይበቅልም ያላላቸው ሰው አልነበረም። የጋራዡ ግድግዳ የፀሐዩን ሙቀት ስለሚያቆይለት በቀለ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ፍሬውን ቁራ እንኳ አይነካውም ብለው ይጠርጉት ነበር።

"ይሄ ካስታኛ ማታ ነው" አሉት። "እብዱ ካስታኛ። መልኩ የደህናው ነው፣ ጠባዩ የእብድ። በእኛ አገር ብል እንዳይገባ ልብስ ሣጥን ውስጥ እንጥለዋለን። ወንዶቹ ደግሞ ብርድ እንዳይዛቸው ኪሳቸው ውስጥ ይይዙታል።"

"ይሠራል?"

"ባሌ ኪሱ ሙሉ ይዞ በየዓመቱ ጉንፋን ይይዘው ነበር።"

አስመላሽ ስለ ጋቢዎቹ ሲነግራቸው በደንብ አዳመጡ። ቅዳሜ ሊያጥቡ እንዳሰቡ ሲሰሙ "ልመጣና ልይ" አሉ። ወደ ቤታቸው ገብተውም ባዶ ከረጢቶች አመጡለትና "ሁሉንም ውሰድ፤ ውሻ ካላችሁ ግን አርቁለት" አሉት።

ለእትዬ ፈትለወርቅ ይህን ሲያወራላቸው ግራ ገባቸው። "ካስታኛ ማታ? ማታ ማታ የሚበላ ነው ማለት ነው?"

"የለም እትዬ፣ ማታ በጣሊያንኛ እብድ ማለት ነው።"

"ታዲያ ቀን በልተኸው ነዋ የመረረህ" አሉ እየሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ቀልዱን ማንም ሊያስጥላቸው አልቻለም።

ያ ቅዳሜ የካናዳ የምስጋና በዓል፣ የታንክስጊቪንግ ሳምንት ነበር። ከተራሮቹ የሚመጣው ሞቅ ያለ ነፋስ ከዋዜማው ጀምሮ ነፍሶ ቀኑ ሰመር መሰለ። አስመላሽ ከጎረቤት የልጆች መዋኛ የሚሆን ክብ ፕላስቲክ ተውሶ ጓሮው ውስጥ አኖረው። የተጠለለውን ወተት መሳይ ውኃ በባልዲ እያመላለሰ ገለበጠበት፤ ትኩስ ውኃ ጨመረበት። ጽገረዳ የሺፍቷን ቀን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ ቀርታለች። እልልታም መጥታለች፤ ልትረዳ ሳይሆን ቪዲዮ ልታነሣ እንደመጣች ተናግራለች።

እትዬ ፈትለወርቅ ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ዘፈዘፉ። ከዚያ "ጫማ አውልቁ" አሉ።

"ለምን?" አለች እልልታ።

"ጋቢ በእጅ አይታሸም የኔ ልጅ። ይረገጣል።"

"ዌይት፣ በእግር? ላይክ፣ ውስጡ ገብተን?"

ጽገረዳ ቀድማ ገባች። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ አንድ እጇን ለባሏ ሰጥታ፣ በጥንቃቄ ረገጠች። ሙቁ ውኃ ቁርጭምጭሚቷን ሲያቅፈው ዓይኗን ጨፈነች። አንዴ ረገጠች፣ ሁለቴ ረገጠች፣ አረፋው ተነሣ። "እግሬ" አለች በዝግታ፣ "ስንት ጊዜ ሆነው እንዲህ ሳይደሰት።" አስመላሽ ጂንሱን አጥፎ አጠገቧ ገባ። ረጅም ስለሆነ ሚዛኑን ሲስት ይይዛታል፤ እሷም ሳቋ ስለሚመጣ ትደገፈዋለች። እልልታ ስልኳን ሣር ላይ ጣለችና ገባች። እትዬ ፈትለወርቅ ዳር ቆመው እያጨበጨቡ ምቱን አወጡላቸው፤ "ግራ፣ ቀኝ፣ አዙረው፣ መሐሉን አትርሱት" እያሉ ያዛሉ። አረፋው ከፕላስቲኩ አልፎ ሣሩ ላይ ፈሰሰ።

ሲኞራ ፒያ የመጡት በዚህ መሐል ነው። አስመላሽ መጥቼ እወስድዎታለሁ ያላቸውን ረስቶ ስለነበር በታክሲ ነው የመጡት፤ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የወረቀት ከረጢት ይዘዋል። በአጥሩ በር ገብተው አረፋ ውስጥ የሚዘሉትን ሦስት ሰዎች ሲያዩ ቆሙ።

"ወይን የምትጨምቁ መስሎኝ" አሉ።

አስመላሽ እግሩ እንደረጠበ ሮጦ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው ግን ውጭ የሚጠበስበት ባርቢኪው የት እንዳለ ነው የጠየቁት። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ከጣሊያኖች ሱቅ የገዙት እውነተኛው ካስታኛ ነበር። ቢላ ተቀብለው ቁጭ አሉና እያንዳንዱን ሰነጠቁ፤ አሮጌ ድስት ላይ አድርገው እሳቱ ላይ ጣዱት። ሽታው ጓሮውን ሲሞላ አስመላሽ ከነእርጥብ እግሩ አጠገባቸው ተጎልቶ ጠበቀ።

ሲበስል ለጽገረዳ አንድ ላጠላት። እጇን አልዘረጋችም።

"አንተ ብላ መጀመሪያ" አለች። "ዛሬ የመርዙ ስልክ ላይ ማንም የለም፤ ታንክስጊቪንግ ነው።"

አስመላሽ በላ። ሁሉም አፉን አዩ። ሲውጥ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ፤ ያኔ ጽገረዳ የቀረውን ከእጁ ነጠቀችው። እትዬ ፈትለወርቅ በጥርጣሬ አንዷን ቀምሰው "ይሄኛውስ ማታም ቀንም ይበላል" አሉ። አስመላሽ ያን ለሲኞራ ፒያ ሲተረጉምላቸው ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ጋቢዎቹ ተለቀለቁ። ባልና ሚስት በሁለት ጫፍ ይዘው ጠመዘዙ፤ በገመዱም፣ በአጥሩም፣ በሁለቱ ወንበሮች መሐልም ተሰጡ። ነፋሱ ሲያነሣቸው ጓሮው ሁሉ ነጭ ሆነ። እልልታ ሣሩ ላይ በባዶ እግሯ ተቀምጣ እናትና አባቷን ስታይ ቆየች። ከዚያ ተነሣችና ስልኳን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ባርናባስን ነበር የደወለችለት። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ታበራለች።

"ማሚ፣ አባ፣ እኛ ሠርጉን አንጠብቅም" አለች። "በኅዳር፣ ኦሪጅናሉ ቀን ላይ እናድርገው። አዳራሽ አንፈልግም። ቤተክርስቲያን ቤዝመንቱን እንጠይቅ፣ ፉዱን ሰው ተካፍሎ ያምጣ። እኔ የፈለግሁት ላይክ... እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። እናንተ እንዲህ ስትስቁ።"

ጽገረዳ ከገመዱ ላይ ያልደረቀ ነጠላ አውርዳ ፊቷን ጠረገችበት። አስመላሽ ልጁን ጭንቅላቷ ላይ ሳመ። "ባርናባስ ምን አለ?" አላት።

"ዛሬ ይሁን ካላችሁም ሬዲ ነኝ አለ።"

እትዬ ፈትለወርቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እልል አሉ። የሚቀጥለው ቤት ውሻ ጮኸ።

የተረፈውን ፍሬ አስመላሽ ሳይልጥ አደረቀውና በየጋቢ ሳጥኑ ጥግ በጨርቅ እየቋጠረ ለሁሉም አደለ። ወሬው ቤተክርስቲያን ደርሶ ስለነበር የሴቶች ማኅበር የመዘምራኑን ነጠላ በሙሉ ጭነው መጡ፤ ጥቅምቱን በጓሮውና፣ ሲበርድ ደግሞ በጋራዡ ውስጥ ሲያነጣ አሳለፈ። አንዱ ነጠላ ያመጣ ሰው የእርሻ ፓምፕ የሚጠግን ትንሽ ወርክሾፕ ነበረው። የአስመላሽን የሥራ ጠረጴዛ አየ፤ እንዴት እንደተደረደረ አየ፤ በሳምንት ለጥቂት ቀን እንዲያግዘው ጠየቀው። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ግን ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት አገኘ።

ሠርጉ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ከሌሊቱ ጀምሮ በረዶ ስለጣለ ሰው ሁሉ ቡትስ ተጫምቶ፣ የሠርግ ጫማውን በፌስታል ይዞ መጣ። ቤዝመንቱ ጠበበ። የመጣው ምግብ ጠረጴዛ አንሶት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነጫጭ ጋቢና ነጠላ የለበሰው ሰው ብዛት ፎቶ አንሺውን መብራት አስቀየረው። ሲኞራ ፒያ እትዬ ፈትለወርቅ ያለበሷቸውን ነጠላ ተከናንበው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ቋንቋ ሳይግባቡ ሁለቱ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ አስመላሽና ጽገረዳ መኪናው እስኪሞቅ ውስጡ ተቀምጠው ጠበቁ። መስታወቱ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። ጽገረዳ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ ማሞቂያው ዘረጋች።

"ባርናባስ ሲያለቅስ አየኸው?" አለችው።

"አየሁት። እኔም አልቅሼ ነበር።"

"እኔ ሳላይህ?"

"አንቺ ደግሞ እኔን መች ታይኛለሽ፤ ስትጨፍሪ ነበር።"

"ረጅም ስለሆንክ ነው፤ ፊትህ ሩቅ ነው" አለችና ሳቀች። እሱም ሳቀ። በረዶው ከመስታወቱ ላይ እየቀለጠ መውረድ ሲጀምር ማርሽ አስገባና በዝግታ ወደ መንገዱ ወጡ።